የሚሮጡ እግሮችና ማደሪያ ያጣ ወንድም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ካህናትና ምእመናን፤ በዘመናችን ከምእመናን ልጆች አንዳንዶቹ ረጅም መንገድ እየሮጡ ለድሆች ገንዘብ ይሰበስባሉ። ከእነዚህም መካከል ማደሪያ አጥተው በጎዳና ለሚያድሩት መጠለያ ስለሚሰጡ የበጎ አድራጎት ማኅበራት ብለው የሚሮጡ አሉ። ወጣቶቹ ወደ ንስሐ አባቶቻቸው ቀርበው፥ ይህ ድካማችን ከትሩፋት ይቈጠርልናልን ወይስ የዓለም ጨዋታ ነው ብለው ሲጠይቁ የሚያገኙት መልስ አንድ አይደለም። አንዱ አባት፥ ተዉት፥ ሩጫና ሃይማኖትን ምን አገናኛቸው ይላል፤ ሌላው ደግሞ ነገሩን ሳይመረምር፥ መልካም ነው፥ ሩጡ ብሎ ያሰናብታል። በሁለቱም መልስ የሚጐዳ ሰው አለ፤ እርሱም በዚያች ሌሊት በደጅ የሚያድረው ነው። ፊተኛው መልስ ሊደርስለት የነበረውን ርዳታ ያስቀርበታል፤ ኋለኛውም ርዳታውን ለከንቱ ውዳሴ አሳልፎ ይሰጠዋል። ስለዚህ ነገሩን በቅዱሳት መጻሕፍት ብርሃን መመርመር ይገባናል።

በመጀመሪያ የሩጫውን ጠባይ እንወቅ። ማራቶን የሚባለው ሩጫ ርቀቱ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው። ከዚህ የሚያልፈው ሁሉ አልትራማራቶን ይባላል፤ ይኸውም 50፥ 100፥ አንዳንድ ጊዜም 160 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ይሆናል። 100 ኪሎ ሜትር ማለት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ደብረ ሊባኖስ ገዳም እስኪደርሱ ያለውን መንገድ ያህል ነው። አባቶቻችን ያን መንገድ ለመሳለም በእግራቸው ቀናት ወስደው ይሄዱት ነበር፤ ሯጩ ግን በአንድ ቀን ሊፈጽመው ይነሣል። ሲጀምር ኃይሉ ሙሉ ነው። 30 ኪሎ ሜትር ያህል ካለፈ በኋላ ግን በጡንቻውና በጉበቱ ተከማችቶ የነበረው ስንቅ እየጐደለ ይሄዳል፤ እግሩ ውሃ ይቋጥራል፤ ሆዱ እህል አልቀበልም ይላል፤ ሌሊት የያዘው እንደ ሆነም ከእንቅልፍ ጋር ይታገላል። ከዚያ ወዲያ የሚያስኬደው የእግሩ ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን የተነሣበት ምክንያት ነው።

ገንዘቡ የሚሰበሰበውም እንዲህ ነው። ሯጩ አስቀድሞ ለዘመዶቹ፥ ለጎረቤቶቹና ለሥራ ባልደረቦቹ ስለ ማን እንደሚሮጥ ይነግራቸዋል። ገሚሱ ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ይህን ያህል፥ ገሚሱም መንገዱን ሲፈጽም ይህን ያህል እሰጣለሁ ብሎ ቃል ይገባል። ገንዘቡም ለማኅበሩ ገቢ ይሆናል። ስለዚህ ሯጩ የሚሰጠው ከኪሱ ብቻ አይደለም፤ የራሱን ድካም አስቀድሞ በማቅረብ የሌሎችን እጅ ያስዘረጋል።

በዚህ ነገር ላይ የሚነሣው የመጀመሪያው ተቃውሞ፥ የሥጋ ልምምድ ለነፍስ ምን ይጠቅማል የሚል ነው። ተቃዋሚዎቹም ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው በፊተኛው መልእክት በምዕራፍ 4 ያስተማረውን ይጠቅሳሉ። በእውነትም ሐዋርያው በዚያ ስፍራ የሥጋን ልምምድ እግዚአብሔርን ከመምሰል ጋር አመዛዝኖ፥ የሥጋው ጥቅም ጥቂት መሆኑን፥ እግዚአብሔርን መምሰል ግን ለዚህም ለሚመጣውም ሕይወት የሚበቃ መሆኑን ነግሮናል። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ጥቂት አለው እንጂ ከንቱ አላለውም። ጥቂቱም ነገር ለታላቁ ሲያገለግል ዋጋው ከታላቁ ጋር ይቈጠራል። ሁለቱ የመበለቲቱ ሳንቲሞች ጥቂት ነበሩ፤ የብላቴናውም አምስት እንጀራ ጥቂት ነበረ።

ይኸው ሐዋርያ ራሱ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በፊተኛው መልእክት በምዕራፍ 9 የሯጮችን ነገር ምሳሌ አድርጎ አስተምሯል። የቆሮንቶስ ሰዎች ይህን ምሳሌ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አላስፈለጋቸውም። ከከተማቸው አጠገብ በኢስትሚያ በየሁለት ዓመቱ ታላቅ ውድድር ይደረግ ነበርና፤ አሸናፊውም ከቅጠል የተጐነጐነ አክሊል ይቀዳጅ ነበር። ሐዋርያው ስለሚጠወልግ አክሊል ብለው ራሳቸውን የሚገዙትን ሰዎች አሳይቶ፥ የማይጠወልገውን የምንሻ እኛ እንዴት እንሰንፋለን ሲል ወቅሶናል። ሩጫ በራሱ ርኩስ ቢሆን ኖሮ ለክርስትና ሕይወት ምሳሌ ባላደረገው ነበር።

ሥጋን በድካም ማስገዛትም ለቤተ ክርስቲያናችን እንግዳ ትምህርት አይደለም። ስግደቱ፥ ሌሊቱን ሙሉ በማኅሌት መቆሙ፥ ወደ ላሊበላና ወደ ግሸን በእግር መሄዱ ምንድር ነው? አባታችን አቡነ ተክለ ሃይማኖት በጸሎት ከመቆማቸው ብዛት አንድ እግራቸው እንደ ተሰበረ በገድላቸው ተጽፏል። በእነዚህ ሁሉ ሥጋ በድካሙ ነፍስን ያገለግላል። እንግዲህ ሥጋ ይድከም ወይስ አይድከም የሚለው ክርክር የእኛ ክርክር አይደለም፤ የእኛ ጥያቄ፥ ድካሙ ወዴት ያደርሳል የሚል ነው።

ስለዚህም በሁለተኛው መጽሐፈ ሳሙኤል በምዕራፍ 18 የተጻፈውን ታሪክ እናስብ። አቤሴሎም በተሸነፈበት ቀን ኢዮአብ የጦሩን ወሬ ለንጉሡ እንዲያደርስ አንድ ኩሳዊ ሰው ላከ። የካህኑ የሳዶቅ ልጅ አኪማአስም፥ እኔም ልሩጥ ብሎ አጥብቆ ለመነ። ኢዮአብም የምታደርሰው የምሥራች ሳይኖርህ ስለ ምን ትሮጣለህ ቢለው አልሰማም፤ ሮጠ፤ በሜዳውም መንገድ አድርጎ ኩሳዊውን ቀደመው። ነገር ግን ንጉሡ ስለ ልጁ ስለ አቤሴሎም በጠየቀው ጊዜ፥ ሁከት እንዳየ እንጂ ምን እንደ ሆነ እንዳላወቀ ተናገረ። ንጉሡም ወደ አንድ ወገን ፈቀቅ ብሎ እንዲቆም አዘዘው። ቀድሞ የደረሰው ቆሞ ቀረ፤ ወሬውን የያዘው ግን ኋላ ደርሶ ተሰማ። ይህ የሩጫን ሁሉ ነገር ይገልጣል። ፈጣን እግር መልእክት ከሌለው ፈቀቅ ብሎ ይቆማል።

መልእክት ያለው ሩጫ ምን እንደሚመስል ለመረዳት ከቅርቡ ዘመን ታሪክ አንዱን ልጥቀስ። በደቡብ አፍሪካ በደርባንና በፒተርማሪትዝበርግ ከተሞች መካከል 90 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሮጥበት፥ ኮምሬድስ የሚባል ሩጫ አለ፤ ትርጓሜው ጓዶች ማለት ነው። ይህን ሩጫ ያቋቋመው ቪክ ክላፋም የተባለ የባቡር ነጂ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ዘምቶ፥ ብዙ መንገድ በእግሩ ተጉዞ፥ ጓዶቹ በየመንገዱ ሲወድቁ አይቶ ነበርና፥ መታሰቢያቸው ከድንጋይ ሐውልት ይልቅ የሰው ድካም እንዲሆን ፈለገ። በ1913 ዓ.ም.፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1921፥ ሩጫው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲደረግ 34 ሰዎች ጀምረው 16 ብቻ ፈጸሙ። እነሆ አሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ስለ ጓደኝነት የተመሠረተው ይህ ሩጫ ለጥቁሮች ሯጮችና ለሴቶች በሕግ የተከፈተው በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1975 ነበር። ከሃምሳ ዓመት በላይ የወንድማማችነት መታሰቢያ እየተባለ ወንድምና እኅት በደጅ ቆሙ። ከዚህ የምንማረው፥ ሯጭ የሚሸከመውን መልእክት አስቀድሞ ራሱ ሊሰማው እንደሚገባ ነው። ስለ ማደሪያ የሚሮጥ ሰው በገዛ ደጁ የቆመውን ከዘጋበት፥ መልእክቱን ተሸክሞታል እንጂ አልሰማውም።

አሁን ወደ ነገራችን ራስ እንምጣ። በቅዱሳት መጻሕፍት የተመሰገኑት ሩጫዎች የሚያልቁት ወዴት ነው? በኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 18 አባታችን አብርሃም በቀን ትኩሳት ጊዜ በድንኳኑ ደጅ ተቀምጦ ሳለ ሦስት ሰዎች በፊቱ ቆመው አየ፤ ሊቀበላቸውም ሮጠ። ዘጠና ዘጠኝ ዓመት የሆነው ሽማግሌ ነው የሮጠው። ዳግመኛም የሚያርደውን ጥጃ ሊያመጣ ወደ ላሞቹ ሮጠ። መምህራንም በትርጓሜ እንዲህ እያሉ ይተርካሉ፤ ሰይጣን በአብርሃም እንግዳ መቀበል ቀንቶ፥ ራሱን ፈንክቶ በመንገድ ቆመ፤ አብርሃም እንዲህ አደረገኝ እያለም መንገደኛውን ሁሉ መለሰ፤ አብርሃም ግን ያለ እንግዳ አልበላም ብሎ ሦስት ቀን በጾም ሰነበተ። እንግዲህ የሮጠው ለሦስት ቀን እህል ሳይቀምስ በሰነበተ ሥጋው ነው። የተቀበለውም ሥላሴን ሆነ።

በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 15 የተነገረውም አባት፥ የጠፋው ልጁ ገና ሩቅ ሳለ አይቶት ሮጠ። ልጁ ቤት አጥቶ ከእሪያዎች ጋር የሰነበተ ነበር፤ የአባትየው ሩጫ ያበቃው በልጁ አንገት ላይ ነው። በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 8 ደግሞ ፊልጶስ ወደ ሠረገላ ሮጠ፤ በሠረገላውም ላይ የነበረው የእኛው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ነው። ፊልጶስ ባይሮጥ ኖሮ ጃንደረባው የሚያነበውን ሳያስተውል በበረሃው መንገድ ባለፈ ነበር። እንግዲህ ሦስቱም ሩጫዎች የሚያልቁት በሰው ዘንድ ነው እንጂ በአክሊል ዘንድ አይደለም። ስለዚህ እንዲህ ብዬ እደመድማለሁ፤ ስለ ቤት የለሹ የሚሮጥ ሰው ሩጫው ትሩፋት የሚሆነው በቤት የለሹ ዘንድ ሲያልቅ ነው። በመድረሻው መስመር ላይ ካበቃ ግን የሥጋ ልምምድ ነው፤ እርሱም ጥቂት ይጠቅማል።

ቤት የሌለው ሰው ማን እንደ ሆነ ግን እናውቃለንን? ብዙዎቻችን የእርሱን ችግር የእንጀራ ችግር ብቻ አድርገን እንቈጥረዋለን፤ እንጀራ ከሰጠነው በኋላም ነገሩ ያለቀ ይመስለናል። እንጀራውን በልቶ ግን ወዴት ይገባል? በክረምት ዝናብ ሲመታው ወዴት ይሸሻል? የታመመ እንደ ሆነ መድኃኒቱን የት ያስቀምጣል? በሌሊት ይሰረቃል ወይም ይመታል ብሎ ስለሚፈራ እንቅልፉ ሙሉ አይደለም፤ እንቅልፍ ያጣም ሰው ሥራ ሊይዝ አይችልም። የመኖሪያ ቦታ ስለሌለው መታወቂያ ማውጣት ይቸግረዋል፤ መታወቂያ ከሌለውም ሌላው ደጅ ሁሉ ይዘጋበታል። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 እግዚአብሔር የመረጠውን ጾም ሲዘረዝር፥ ለተራበው እንጀራ መቍረስን ብቻ ነግሮን አላቆመም፤ ማደሪያ ያጣውን ድሀ ወደ ቤት ማግባትን ከዚያው ጋር አያይዞ ጠቅሷል። እኛ ግን የፊተኛውን ይዘን ሁለተኛውን ተውን።

ጌታችንም ስለ እኛ ሲል ይህን ድህነት በሥጋው ቀምሷል። ሲወለድ በእንግዶች ማደሪያ ስፍራ አልተገኘለትም፤ በሕፃንነቱ ከእናቱ ጋር ወደ ግብፅ ተሰደደ፤ ባስተማረበትም ዘመን ራሱን የሚያስጠጋበት ስፍራ እንደሌለው ተናገረ። በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 25 በቀኝና በግራ የሚለይበትን ፍርድ ሲያስታውቅም፥ እንግዳ ሆኖ በመጣ ጊዜ መቀበልንና አለመቀበልን ከፍርዱ ምክንያቶች አንዱ አድርጎታል።

ካህናት ወንድሞቼ ሆይ፤ ይህን ነገር ከሰው ሁሉ ይልቅ እኛ ልናውቀው ይገባን ነበር። ከእኛ ብዙዎቻችን የቆሎ ተማሪዎች ነበርን። ከአባት ከእናታችን ቤት ወጥተን፥ ደበሎ ለብሰን፥ አኩፋዳ ይዘን፥ በእመቤታችን ስም እየለመንን፥ ከውሻ ጋር እየታገልን ያደግን ነን። የማናውቃት እናት ቍራሽ ባትሰጠን፥ የደብሩ ሰው ጎጆ የምንቀልስበትን ስፍራ ባይፈቅድልን ኖሮ ዜማውም ቅኔውም መጻሕፍቱም ከየት ይገኙ ነበር? የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት በሰው ደጅ የተማረ ትምህርት ነው። በሰው ደጅ ተምሮ የገዛ ደጁን የሚዘጋ ካህን ያለበትን ዕዳ ረስቷል።

ቀደምት አባቶቻችን ግን ዕዳቸውን አልረሱም። ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ዓመት በቂሣርያ ከተማ አጠገብ ለድሆች፥ ለእንግዶችና ለሕሙማን ታላቅ ቤት ሠራ። በኋላው ዘመንም ይህ መንፈስ በልዩ ልዩ ስፍራ ታይቷል። በውጭ አገር ያሉ ምእመናን ልጆቻችን ከሚሮጡላቸው ማኅበራት አንዳንዶቹ ሥራቸውን የጀመሩት በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው። በለንደን በትራፋልጋር አደባባይ አጠገብ ያለችውን የቅዱስ ማርቲንን ቤተ ክርስቲያን በአውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1914 ጀምሮ ያስተዳድሩ የነበሩት ቄስ ዲክ ሼፐርድ፥ ከመሬት በታች ያለውን የቤተ ክርስቲያኑን ክፍል ወደ ጦርነት ለሚሄዱ ወታደሮችና ማደሪያ ላጡ ሰዎች ከፈቱት። ሼልተር የሚባለውም ማኅበር በ1966 የተመሠረተው በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ አሳቡን ያነሣውም ብሩስ ኬንሪክ የተባለ አገልጋይ ነበር። በ1969 ደግሞ ቄስ ኬኔት ሊች በዚያው በለንደን በሶሆ ሰፈር በቅድስት ሐና ቤተ ክርስቲያን ቤት ለሌላቸው ወጣቶች ማደሪያ ከፈቱ፤ ከዚያም ሴንተርፖይንት የተባለው ማኅበር ተገኘ። ሃይማኖታቸው ከእኛ ቢለይም፥ ሳምራዊው ሌዋዊውንና ካህኑን እንደ ወቀሰ ሥራቸው እኛን ይወቅሰናል።

በአገራችንም መቄዶንያ የተባለውን የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል የማያውቅ የለም። ቢንያም በለጠ የመሠረተው ይህ ማዕከል ከጎዳና ተነሥተው የመጡ በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎችን ይጦራል። ስሙ ብቻውን ትምህርት ነው። በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 16 ቅዱስ ጳውሎስ በሌሊት ራእይ አንድ የመቄዶንያ ሰው ተሻግሮ እንዲረዳቸው ሲለምነው አየ፤ ሳይዘገይም ተነሣ። የመቄዶንያ ሰዎችም በተራቸው፥ በቆሮንቶስ ሁለተኛው መልእክት በምዕራፍ 8 እንደ ተጻፈው፥ በብርቱ ድህነት ሳሉ ከዐቅማቸው በላይ ሰጡ። ሐዋርያው በእነርሱ ያደነቀው የገንዘቡን ብዛት ሳይሆን አስቀድመው ራሳቸውን መስጠታቸውን ነው። የሚሮጥ ወጣትም ገንዘብ ባይኖረው ሊሰጥ የሚችለው ራሱን ነው፤ ከዚህ አንጻር ሲታይ ሩጫው የመቄዶንያ ሰዎች ስጦታ ዓይነት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ፥ ምጽዋት በስውር ይሁን እየተባለ የሮጠው ሰው ስሙ ለምን ይነገራል የሚል ነው። ተቃውሞው እውነት አለበት። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 6 ሰው እንዲያያቸው የሚመጸውቱትን ዋጋቸውን እንደ ተቀበሉ አስታውቋል። ይሁን እንጂ የድሀውን ችግር መናገርና የራስን ጽድቅ መናገር ልዩ ልዩ ናቸው። ቅዱስ ጳውሎስ በኢየሩሳሌም ላሉ ድሆች መዋጮ ሲሰበስብ በየአብያተ ክርስቲያናቱ በግልጥ ተናግሯል፤ ስለ ራሱ ግን አልለመነም። እንግዲህ ሯጩ ሲለምን የሚያነሣው የማንን ነገር እንደ ሆነ ራሱን ይመርምር። ከተናገረው ቃል የሚበዛው ስለ እግሩ ቍስልና ስለ ሰዓቱ ከሆነ ለራሱ ለምኗል። ስለ ወንድሙ ከሆነ ግን የወንድሙ አፍ ሆኗል። የድሀውንም ፊት ፎቶግራፍ አንሥቶ ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ ማሳየት፥ ቤት ያጣውን ሰው የቀረችውን ክብር ደግሞ ማሳጣት ነውና ይህን ፈጽመን ልንከለክል ይገባናል።

የገንዘቡ አያያዝም ያለ ነቀፋ ይሁን። በዚያው መልእክት ሐዋርያው በመዋጮው ነገር ማንም እንዳይነቅፈው ተጠንቅቆ፥ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካሙን እያሰበ ከሌሎች የታመኑ ወንድሞች ጋር እንደ ላከው ጽፏል። ሐዋርያ ብቻውን ካልያዘ ሯጭ ብቻውን ሊይዝ አይገባም። የተሰበሰበው፥ ለጕዞና ለልብስ የወጣው፥ ለማኅበሩም የደረሰው ተጽፎ ለሰጪዎቹ ይነገር። የሯጩ የራሱ ወጪ ከራሱ ኪስ ቢሆን ይሻላል።

አሁንም ለሚሮጡት ልጆቻችን ጥቂት ምክር ልጨምር። እንዲህ ያሉ ሩጫዎች ብዙ ጊዜ በእሑድ ማለዳ ይደረጋሉ። ስለ ክርስቶስ ድሆች ብሎ የክርስቶስን ቅዳሴ መተው ግን አይገባም፤ የምትሮጡበትን ቀንና መንገድ ራሳችሁ ምረጡ። አጽዋማትን ስለ ሩጫ አትሻሩ፤ ጾምን ደግሞ ከእንዲህ ያለ ረጅም ሩጫ ጋር በአንድ ቀን አትደርቡ፤ ከንስሐ አባታችሁና ከሐኪም ጋር ተማከሩ። ሥጋ የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ ነው። በብዙ ሰዓት ሩጫ ውሃ ማጣት እንደሚጐዳ ሁሉ፥ ከመጠን በላይ ውሃ መጠጣትም የደምን ጨው አሳንሶ ለሞት ሊያደርስ ይችላል። ሳትፈጽሙ ብታቋርጡም አትፈሩ፤ የተቋረጠ ሩጫ ኀፍረት የለበትም፤ የጠፋ ሕይወት ግን ማንንም አያስጠልልም።

እግርም በውሰት የተሰጠን መሆኑን አስቡ። በ1952 ዓ.ም. በሮማ ጎዳና በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ያሸነፈው አበበ ቢቂላ፥ በ1957 ዓ.ም. በቶክዮም ዳግመኛ አሸነፈ። በ1961 ዓ.ም. ግን በመኪና አደጋ እግሮቹ ሰውነቱን መሸከም ተሳናቸው፤ በ1966 ዓ.ም.ም ዐረፈ። ዓለም ሁሉ ያደነቃቸው እግሮች እንኳ ለጥቂት ዓመታት የተሰጡ ነበሩ። እንግዲህ እግር ያለው ሰው እግሩ ሳለ ወደ መልካም ነገር ይሩጥ።

የመጨረሻው ነገር ግን ከሁሉ የጠነከረ ነው። ዮሐንስ አፈ ወርቅ ምእመናንን ሲያስተምር፥ በየቤታቸው ለክርስቶስ የምትሆን አንዲት የእንግዳ ክፍል እንዲያዘጋጁ ይመክር ነበር። ቤተ ክርስቲያን የእንግዳ ቤት አላትና ይበቃል ለሚሉትም፥ ካህኑ ስለሚጸልይ እናንተ ጸሎትን ትተዋላችሁን ሲል መልሶላቸዋል። ይህ ተግሣጽ ለእኛ ዘመን የተነገረ ይመስላል። ለማኅበር ገንዘብ የሰጠ ሰው፥ ለሯጭም ቃል የገባ ሰው፥ ድርሻዬን ፈጸምሁ ብሎ በደጁ የተኛውን ቢሻገር፥ ወኪል ልኮ ራሱ የቀረ ሰው ነው። ማኅበራት ሊያደርጉት የሚችሉት አለ፤ እያንዳንዱ ክርስቲያን ብቻ ሊያደርገው የሚችለውም አለ። ስሙን ጠይቆ በስሙ መጥራት፥ ሲታመም ወደ ሐኪም ማድረስ፥ ለመታወቂያው ዋስ መሆን፥ ይህ ሁሉ ከጎረቤት የሚጠበቅ ነው።

በ100 ኪሎ ሜትር ውስጥ 100 ሺህ ያህል እርምጃ አለ። ከቤተ መቅደሱ በር እስከ ቅጥሩ በር ያለው ግን ምናልባት መቶ እርምጃ ነው፤ በዚያም ድሀው ተቀምጧል። ባለጠጋው አልዓዛርን ያጣው መንገዱ ስለ ራቀ አልነበረም፤ አልዓዛር በደጁ ነበረና። ስለዚህ የሚሮጥ ወጣት ከሩጫው በፊትና በኋላ ይህችን አጭር መንገድ ይሂዳት፤ ረጅሙ ሩጫ በእርስዋ ይመዘናልና። እኛም ካህናት ሩጫውን ከመንቀፋችን በፊት ስንት ጊዜ በእርስዋ እንደ ሄድን እንቍጠር። የሰንበቴና የጽዋ ማኅበራትም ከሚያወጡት ዝክር ጥቂት ቀንሰው፥ በየደብሩ በክረምት ሌሊት የምትከፈት አንዲት ክፍል ቢያዘጋጁ፥ ሯጮቹ ከሩቅ የሚያመጡት ገንዘብ የሚያርፍበትን ደጅ ያገኛል።

በድንኳን ደጅ የአብርሃምን ሩጫ የተቀበሉ ቅድስት ሥላሴ፥ ለእግራችን መልእክትን፥ ለደጃችን እንግዳን፥ ማደሪያ ላጡትም ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ዕረፍትን ይስጡልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።